የሞላውን ሊንክ ላሳድግ ወይስ መንገዱን ልቀይር? (5 ኖድ፣ 6 ሊንክ፣ ለአንድ ሊንክ የሚበቃ ገንዘብ)

ሌሊት ተረኛ

ሰላም ወዳጆች። አንድ ነገር ሦስት ቀን እንቅልፍ ነስቶኛልና ሐሳባችሁን ወዲህ በሉ።

አምስት ኖድ (የራውተር ጣቢያ) ያለው ትንሽ ባክቦን (የኔትወርክ ዋና ግንድ) እጄ ላይ አለ። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ እንበላቸው። በቀለበት ተያይዘዋል፤ ሀ–ለ፣ ለ–ሐ፣ ሐ–መ፣ መ–ሠ፣ ሠ–ሀ። በመሀል ደግሞ ለ–ሠ የሚባል አቋራጭ አለ። ስድስቱም ሊንኮች 100 ጊጋቢት በሰከንድ ናቸው። ወደ ውጭ የሚያስወጣው በር ሀ ላይ ነው። ከትራፊኩ አብዛኛው ከሀ ወደ ሌሎቹ የሚወርድ ነው።

በፒክ ሰዓት የማየው ይኸውላችሁ። ሀ–ለ 92 ጊጋ። ለ–ሐ 62። ሐ–መ 24። ሀ–ሠ 20። መ–ሠ እና ለ–ሠ ባዶ ናቸው ማለት ይቻላል።

የተፈቀደልኝ ገንዘብ ለአንድ ሊንክ ብቻ ነው። አለቃዬ «የሞላውን አሳድገው፣ ሌላ ምን ጥያቄ አለው» ይላል። ሀ–ለን ወደ 200 ላሳድግና ልረፍ? ወይስ የማላየው ነገር አለ? ራውቲንጉ ኦኤስፒኤፍ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሊንክ ኮስት የሚባል ቁጥር ይሰጠዋል፣ ድምሩ ትንሽ የሆነው መንገድ ይመረጣል። ኮስቶቹ ሁሉም 10 ናቸው፣ መ–ሠ ብቻ 30። ለምን 30 እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

ፋይበር ቆፋሪ

ሀ እና ሐ ብለህ ሰየምካቸው? በስልክ ብንነጋገር ጉድ ፈልቶ ነበር። «ሀ ተቆርጧል!» «የትኛው ሀ? ሃሌታው ወይስ ሐመሩ?»

ለማንኛውም አለቃህ ልክ ነው። ዛሬ 92 የሆነ ነገ 100 ነው። አሳድገው።

ባለ ስሌቷ

ቆይ፣ ገንዘቡን ከመንካትህ በፊት ቁጥሮቹን እንያቸው።

ትራፊኩ ከሀ የሚወርድ ከሆነ በመቀነስ ብቻ ብዙ ነገር ይታወቃል። በሀ–ለ 92 ገብቶ በለ–ሐ 62 ከወጣ፣ ለ ራሷ 30 ትበላለች ማለት ነው። ሐ 62 ተቀብላ 24 ካሳለፈች የራሷ 38 ነው። መ 24፣ ሠ 20። ድምሩ 112።

አሁን የመን 24 ጊጋ ተከተለው። በሠ በኩል ቢሄድ ሁለት ሊንክ ነው፤ ግን መ–ሠ 30 ስለሆነ ኮስቱ 40 ይመጣል። በለ እና በሐ በኩል ሦስት ሊንክ ነው፣ ኮስቱ 30። ኦኤስፒኤፍ የሚያየው ኮስት እንጂ ጭነት አይደለም። ስለዚህ 24 ጊጋው ባዶውን መንገድ ትቶ በተጨናነቀው ይዞራል።

መ–ሠን 10 ብታደርገው የመ ትራፊክ በሠ በኩል ይሄዳል። ሀ–ለ ከ92 ወደ 68 ይወርዳል። ሀ–ሠ ከ20 ወደ 44 ይወጣል። ለ–ሐ 38 ይሆናል። አንዲት ትእዛዝ ናት፣ ወጪዋ ዜሮ።

ግን ልብ በል። ይህ የመቀነስ ነገር የሠራው ምንጩ አንድ ስለሆነ ነው። በአምስት ኖድ መካከል 20 የላኪና ተቀባይ ጥንዶች አሉ። ቆጣሪዎችህ ግን በስድስት ሊንክ፣ በሁለት አቅጣጫ፣ 12 ናቸው። 20 ያልታወቀ ነገር በ12 እኩልታ አይፈታም። ኖዶቹ እርስ በርስ ብዙ የሚላላኩ ቢሆን ኖሮ በኔትፍሎው (ራውተሩ የትራፊኩን ላኪና ተቀባይ በሚመዘግብበት መሣሪያ) ማን ለማን ምን ያህል እንደሚልክ ሳትለካ ወንፊት ውስጥ ውሃ መቅዳት ይሆንብህ ነበር።

ሌሊት ተረኛ

እጄን በአፌ ነው ያስጫንሽኝ።

የ30ውን ነገርም አገኘሁት። አንድ የቀድሞ ባልደረባችን ደውዬለት ነገረኝ። መ–ሠ ድሮ 10 ጊጋ ነበር። ሰው እንዳይሄድበት ኮስቱን ከፍ አደረጉት። ከዓመታት በኋላ ሊንኩ ወደ 100 አደገ፤ ኮስቱን ግን የነካው የለም።

ኮድ ብቻ

በእጅ ኮስት መቀየር በዚህ ዘመን? አንድ ስክሪፕት ጻፍ። በየአምስት ደቂቃው ጭነቱን ያንብብ፣ የሞላውን ሊንክ ኮስት ይጨምር፣ የባዶውን ይቀንስ። ኔትወርኩ ራሱን ያስተካክላል። ተኛ።

አሮጌ ሴንትራል

ልጄ፣ ይህ ተሞክሯል። የሞከሩትም ተራ ሰዎች አይደሉም።

አርፓኔት (የኢንተርኔት ቀዳሚ የነበረው ኔትወርክ) መጀመሪያ መንገድ የሚመርጠው በወረፋ ርዝመት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ያንን ትተው እያንዳንዱ መስመር የሚያደርሰውን መዘግየት እየለካ ለሁሉም እንዲያሳውቅ አደረጉ። ጭነቱ ቀላል ሲሆን ግሩም ሠራ። ጭነቱ ሲከብድ ግን ጉድ መጣ። ሁለት መስመሮች ጎን ለጎን አሉ እንበል። አንደኛው ሞልቷል፣ ሁለተኛው ባዶ ነው። ሁሉም ራውተር በአንድ ጊዜ «ባዶው ይሻላል» ይልና ይዛወራል። ያ ይሞላል፣ የመጀመሪያው ባዶ ይሆናል። በሚቀጥለው ልኬት ሁሉም ተመልሶ ይመጣል። በር ላይ የተጨናነቀ ሰው አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ሲጋፋ አይተህ ታውቅ የለ? እንደዚያ። በሁለቱ መስመሮች በአማካይ በቂ ቦታ ነበረ፤ ግን ሁልጊዜ አንዱ ሞልቶ ሌላው ባዶ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1987 መለኪያውን አሻሻሉት። መድኃኒቱ ስሜቱን ማደንዘዝ ነው። የሞላ መስመር ኮስት ባዶ ሳለ ከነበረው ከሦስት እጥፍ በላይ እንዳይወጣ ገደብ ተደረገለት። ለውጡም በአንድ ጊዜ ዘሎ ሳይሆን ደረጃ በደረጃ ሆነ። ስክሪፕትህን ከጻፍክ ይህንን አስገባበት። ካልሆነ ግን እንቅልፍህን ነው የምታጣው፣ ተኛ ያልከውን ራስህ ውሰደው።

ኮድ ብቻ

ጋሼ፣ ይሁን ተረታሁ። ግን ጉግል እ.ኤ.አ. በ2013 ስለ ቢ4 ኔትወርኩ ሲጽፍ ብዙ ሊንኮቹ 100 በመቶ አካባቢ እንደሚሠሩ ገልጿል። እነሱ እንዴት ቻሉት?

ባለ ስሌቷ

ላኪውም እነሱ ስለሆኑ ነዋ። ቢ4 በዳታ ሴንተሮቻቸው መካከል ያለ ነው። አብዛኛው የፋይል ቅጂ ነው፤ «አንተ ትንሽ ቆይ» ቢባል የሚያኮርፍ ሰው የለም። ሁሉን የሚያይ አንድ ማዕከላዊ አስሊ አላቸው፤ እያንዳንዱ አፕሊኬሽን ምን ያህል እንዲልክ እሱ ይወስናል። መስመር ሲቆረጥ የሚጠበቀው ትራፊክ ይጠበቃል፣ ቅጂው ይዘገያል። የሌሊት ተረኛ ደንበኞች ቪዲዮ የሚያዩ ሰዎች ናቸው። ቆዩ ማለት አይቻልም።

ወረፋ ጠባቂ

ስለ አቅም ድልድል አንድ የምወዳትን ስሌት ላምጣ። ሰው ሁሉ የሚሳሳትባት ናት።

ሁለት ሊንኮች አሉህ። በአንደኛው 9 ጊጋ ይሄዳል፣ በሁለተኛው 1 ጊጋ። በጠቅላላ 20 ጊጋ አቅም አለህ። እንዴት ታከፋፍለዋለህ? አብዛኛው ሰው በትራፊኩ መጠን 18 እና 2 ይላል። ሌላው ትርፉን 10 እኩል ከፍሎ 14 እና 6 ይላል። በተራ የወረፋ ቀመር፣ መዘግየት ማለት አንድ ሲካፈል ለትርፍ አቅም ነው ብለን በትራፊክ ስንመዝነው፣ የመጀመሪያው 9/9 ሲደመር 1/1፣ ማለትም 2 ይመጣል። የሁለተኛውም 9/5 ሲደመር 1/5፣ ያው 2።

የኔትወርክ ወረፋ ተመራማሪው ሊዮናርድ ክላይንሮክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያሳየው ትርፉ በትራፊኩ ካሬ ሥር መከፋፈል እንዳለበት ነው። የ9 ካሬ ሥር 3፣ የ1 ደግሞ 1። ስለዚህ ትርፉ 7.5 እና 2.5፣ አቅሙ 16.5 እና 3.5። መዘግየቱ 1.2 ሲደመር 0.4፣ 1.6 ይሆናል። ምንም ሳትገዛ በ20 በመቶ ቀነስክ።

ትልቁ ሊንክ በትራፊኩ ልክ ትርፍ አያስፈልገውም። ትንሹ ግን ከሚመስለው በላይ ያስፈልገዋል።

ባለ ስሌቷ

ስሌቷ ቆንጆ ናት፣ እኔም እወዳታለሁ። እዚህ ግን አትሠራም።

ክላይንሮክ የሚያስበው በሰከንድ በኪሎቢት የሚቆጠሩ መስመሮችን ነው። በ50 ኪሎቢት መስመር ላይ 1500 ባይት ፓኬት ለመውጣት 240 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። ወረፋ ከተጨመረበት ሰው ያለቅሳል። በ100 ጊጋ ሊንክ ላይ ያው ፓኬት 0.12 ማይክሮ ሰከንድ ነው። 92 በመቶ ላይ በአንተ ቀመር በ12.5 (1 ሲካፈል ለ0.08) ብታባዛው 1.5 ማይክሮ ሰከንድ። ብርሃን በፋይበር ውስጥ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 5 ማይክሮ ሰከንድ ይፈጅበታል። ስለዚህ ያ ሁሉ ወረፋ ከ300 ሜትር ፋይበር አይበልጥም።

በተጨማሪም ኢንተርኔት ትራፊክ እንደ ቀመሩ የተረጋጋ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ የታወቀ ጥናት በኢተርኔት ላይ ትራፊክ በሰከንድም በደቂቃም በሰዓትም ብታየው ያው ሻካራ እንደሆነ አሳይቷል። ሌሊት ተረኛ 92 የሚለው የአምስት ደቂቃ አማካይ ከሆነ፣ በውስጡ ሊንኩ 100 ነክቶ ፓኬት የጣለባቸው ብዙ ቅጽበቶች አሉ። እዚህ የሚያስፈራው የአማካይ መዘግየት ሳይሆን የሚወድቀው ፓኬት ነው። ከዚያም የባሰ የሊንክ መቆረጥ።

ወረፋ ጠባቂ

300 ሜትር ፋይበር… እሺ፣ ይህቺ ሞራሌን ነካችው። ግን ልክ ነሽ።

አሮጌ ሴንትራል

የወረፋ ጠባቂ ስሌት መንፈሷ ከስልክ ዘመን ጀምሮ ያለ ነው። አግነር ኧርላንግ በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ሲሠራ እ.ኤ.አ. በ1917 ያወጣው ቀመር አለ። አንድ ኧርላንግ ማለት አንድ መስመር ሰዓቱን ሙሉ ሲያዝ ነው። ከመቶ ጥሪ አንዱ ብቻ ይመለስ ካልክ፣ ለ10 ኧርላንግ 18 መስመር ያስፈልጋል። እንደዚያ ያሉ ሁለት ቡድኖች ለየብቻ 36 መስመር ይፈልጋሉ። አንድ ላይ ብትቀላቅላቸው ግን ለ20 ኧርላንግ 30 ይበቃል። ስድስት መስመር በነፃ።

ስለዚህ የቀድሞ መሐንዲሶች ትራፊክን ሰብስቦ በወፍራም ግንድ ማስኬድ ይወዱ ነበር። ግን አንድ ነገርም ተምረናል። ቀጥታው መስመር ሲሞላ ጥሪውን በሌላ ከተማ ዞሮ እንዲሄድ ታደርጋለህ። ዞሮ የሄደ ጥሪ ግን ሁለት መስመር ይበላል። ሁሉም መሙላት ሲጀምር ዞሮ የሚሄደው ቀጥታ የሚሄደውን ያባርራል፣ ያም በተራው ይዞራል፣ ኔትወርኩ በአንድ ቀውጢ ሰዓት ይሰምጣል። መፍትሔው የመጨረሻዎቹን ጥቂት መስመሮች ለቀጥታ ጥሪ ብቻ ማስቀመጥ ነበር።

የአንተንም ቁጥር ደምረው። አሁን የሊንኮችህ ጭነት ድምር 92፣ 62፣ 24 እና 20፣ ማለትም 198 ነው። ባለ ስሌቷ ያለችውን ብታደርግ 68፣ 38፣ 24 እና 44፣ ማለትም 174 ይሆናል። ሰው የሚያየው ቪዲዮ አልቀነሰም። የቀነሰው ዙሩ ነው።

ሌሊት ተረኛ

እናንተ ሰዎች! ስለዚህ ኮስቱን ልቀይርና ገንዘቡን ለሌላ ዓመት ላቆየው?

ፋይበር ቆፋሪ

እኔ መጀመሪያ «አሳድገው» ያልኩት ሰው ነኝ። አሁን ልመለስበት። እኔ የማውቀው ቁፋሮ ነው፣ ስሌት አይደለም። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ሀ–ለ በኤክስካቫተር ቢቆረጥስ?

ባለ ስሌቷ

እሱን ልጠይቅ ነበር፤ ቀደምከኝ።

ሀ–ለ ሲቆረጥ 112 ጊጋው በሙሉ ከሀ የሚወጣው በሀ–ሠ ብቻ ነው። ሀ–ሠ 100 ነው። የፈለግከውን ኮስት ብታስቀምጥ 112 በ100 አያልፍም። በሀ ዙሪያ መስመር አስምርና የሚሻገረውን አቅም ቁጠር። ከዚያ በላይ የሚያሳልፍ ራውቲንግ የለም፣ አይኖርም።

አሁን ወደ አለቃህ ሐሳብ እንመለስ። ሀ–ለን ወደ 200 አሳደግከው እንበል። ሀ–ሠ ቢቆረጥ ተረፍክ፣ 112 በ200 ያልፋል። ሀ–ለ ራሱ ቢቆረጥ ግን የገዛኸው 200 አብሮ ተቆረጠ። የቀረህ ያው 100 ነው። የሞላውን ሊንክ ማሳደግ ያ ሊንክ ለሚቆረጥበት ቀን ምንም አያደርግም። ሁለቱንም ልታሳድግ ገንዘብ የለህም።

ገንዘቡ ለአንድ ሊንክ ከሆነ ሦስተኛ መውጫ ግዛ። ሀ–መ ይቻላል? በ100፣ ኮስቱ 10፤ መ–ሠም እንዳልነው 10 ሆኖ። የሰላም ቀን ሲሆን የሐ ትራፊክ በለ እና በመ በኩል ኮስቱ እኩል ስለሚሆን ለሁለት ይከፈላል፣ 19 እና 19። ሀ–ለ 49፣ ሀ–መ 43፣ ሀ–ሠ 20። ሀ–ለ ሲቆረጥ ሀ–መ 62፣ ሀ–ሠ 50። ሀ–ሠ ሲቆረጥ ሀ–ለ 59፣ ሀ–መ 53። ሀ–መ ሲቆረጥ ሀ–ለ 68፣ ሀ–ሠ 44። የቀሩትን ሊንኮችም አንድ በአንድ ቆርጬ አየኋቸው። ከ68 በላይ የሚወጣ የለም።

19 እና 19 ያልኩትን እንደ ቃል ኪዳን አትውሰደው። ራውተሩ የሚከፍለው በፓኬት ሳይሆን በግንኙነት ነው። አንድ ዝሆን የሚያህል ግንኙነት በአንዱ በኩል ከወደቀ ሚዛኑ ያዘነብላል።

ኮድ ብቻ

ይህን ለአምስት ኖድ በእጅ ሠራሽው። ለ200 ኖድስ?

ባለ ስሌቷ

ትራፊኩን እንደፈለግህ መከፋፈል ከቻልክ ሊኒየር ፕሮግራሚንግ (በቀጥተኛ እኩልታዎች ምርጡን መልስ የሚፈልግ ስሌት) ነው፤ ኮምፒውተር በቀላሉ ይፈታዋል። በኮስት ብቻ ከሆነ የምትመራው ምርጡን ኮስት ማግኘት ኤንፒ-ሃርድ (ለሁሉም የሚሠራ ፈጣን መፍቻ ያልተገኘለት ዓይነት ችግር) ነው። ተመራማሪዎቹ ፎርትዝ እና ቶሮፕ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳዩት አንድ ኮስት ቀይሮ፣ ውጤቱን አይቶ፣ የተሻለውን እየያዙ መሄድ በተግባር በጣም ጥሩ መልስ እንደሚሰጥ ነው። ለሞላ ሊንክ ቅጣት አስቀመጡ። እስከ አንድ ሦስተኛ ድረስ እያንዳንዷ ተጨማሪ ትራፊክ 1 ታስከፍላለች፣ እስከ ሁለት ሦስተኛ 3፣ እስከ 90 በመቶ 10፣ እስከ 100 በመቶ 70፣ እስከ 110 በመቶ 500፣ ከዚያ በላይ 5000። ቅጣቱ እንዲህ ሲያሻቅብ አስሊው 90ን እንደ እሳት ይሸሻል።

ከባዱ አቅም ሲገባበት ነው። 37 ጊጋ የሚባል ፖርት ማንም አይሸጥልህም፤ 10 ወይም 100 ትገዛለህ። ግማሽ መግዛት የለም። ችግሩን ክፉ የሚያደርገው ያ ነው።

ሌሊት ተረኛ

ሀ–መ ይቻላል። የሚከራይ ፋይበር አለ። ዛሬ ለአለቃዬ ስነግረው «ባለ መቶ ጊጋ ባዶ ሊንክ ለምን ትገዛለህ» አለኝ። የሀ–ለን መቆረጥ በሰሌዳ ላይ ሣልኩለት። ዝም አለ። ይህ ለእሱ «እሺ» ማለት ነው።

ፋይበር ቆፋሪ

ከመፈረምህ በፊት የቦዩን ካርታ አውጣ። ሁለት ሊንክ በስክሪን ላይ ሁለት መስመር ናቸው፤ መሬት ውስጥ ግን አንድ ቦይ ሊሆኑ ይችላሉ። እኔ ራሴ አንድ ቀን በአንድ አካፋ ሦስት ሊንክ ቆርጫለሁ። ያለሁበት ጣቢያ ስልክ እስከ ማታ ጠራ።

ሌሊት ተረኛ

ጉድ ነው። ካርታውን አየሁት። ሀ–ለ እና ሀ–ሠ ከሀ ሲወጡ የመጀመሪያዎቹን 4 ኪሎ ሜትሮች በአንድ ቦይ ነው የሚሄዱት። ለዓመታት ምትክ አለን ስንል የነበረው ለካ አልነበረንም።

ሀ–መ የሚወጣው በሌላው በኩል ነው፣ እሱ ጥሩ። ግን ሁለቱ አብረው ከተቆረጡ 112 በሀ–መ 100 ላይ ይወድቃል። አሁንስ?

ወረፋ ጠባቂ

ለተሸናፊ ተራ ስጡኝ። አቅም መጨመር ካልቻልክ ትራፊኩን ቀንስ። የሐ እና የመ ደንበኞች የሚያዩት ቪዲዮ ስንቱ አንድ ዓይነት ነው? ሐ ላይ የካሽ ሰርቨር አስቀምጥ። ቪዲዮው ሌሊት አንዴ ይወርዳል፣ ቀን ከዚያው ይታደላል። ከሀ ጋር ምንም አያገናኘውም።

ሌሊት ተረኛ

አንድ የይዘት አቅራቢ ሰርቨሩን ራሱ እንደሚሰጥ ነግሮናል፤ መደርደሪያና መብራት ከእኛ። በእሱ ሎግ ስገምት በፒክ ሰዓት ከሐ 15፣ ከመ 9 ጊጋ ያነሣል።

ባለ ስሌቷ

112 ሲቀነስ 24፣ 88። በሀ–መ ብቻ ያልፋል። ጠባብ ነው፣ ግን ያልፋል። በዚያ ቀን የሚጨናነቀው ሀ–መ ብቻ ነው፤ ከመ ወዲያ ወደ ሐ 53፣ ወደ ሠ 20 ይሄዳል። የቀረውን የለን 30 ጊጋ በየትኛው በኩል እንደሚሄድ አስቀድመህ አስላው፤ በሐ በኩልም በሠ በኩልም ኮስቱ 30 ነው። እኔ 53 ያልኩት በሙሉ በሐ ቢሄድ ነው።

ሌሊት ተረኛ

የመጨረሻ ዜና። ትናንት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የመ–ሠን ኮስት 10 አደረግኩት። ዛሬ ፒክ ላይ ሀ–ለ 70፣ ሀ–ሠ 43 ሆኗል። ባለ ስሌቷ 68 እና 44 ብላ ነበር። ልዩነቱ ከለ ወደ ሠ እና ከሠ ወደ ለ የሚሄድ ከሀ የማይመነጭ ጥቂት ትራፊክ እንዳለ ነው የሚያሳየኝ፤ ኔትፍሎው ከፍቼ እያየሁ ነው።

የሀ–መ ውል ተልኳል። ካሹ በሁለት ሳምንት ይገባል። የቦዩን ነገር ለአለቃዬ ገና አልነገርኩትም።

ፋይበር ቆፋሪ

እሱን ከእኔ ቀድመህ ንገረው። እኔ በዚያ አካባቢ በሚቀጥለው ወር ቁፋሮ አለብኝ።

ባለ ስሌቷ

ቆይ ቆይ፣ ከለ ወደ ሠ የሚሄደው በለ–ሠ አቋራጭ እንጂ በሀ–ለ አይሄድም። ኮስቱ 10 ነው። የ2 ጊጋው ምክንያት ሌላ ነው። ኔትፍሎው ሲጠራቀምልህ ሠንጠረዡን እዚህ ለጥፈው፣ አብረን እንየው።